የክሩ እርጥብ ጫፍ

«ስሙን ብቻ ትንገረኝ። ሌላ ምንም አልጠይቃትም፤ ስሙን ብቻ።»

እናቴ ናት፤ ከመጋረጃው ወዲያ ለወንድሜ ነው የምትነግረው። የእኔን አልጋ ከሳሎኑ የሚለየው አንድ መጋረጃ ነው፤ መጋረጃ ደግሞ ዓይን እንጂ ጆሮ አይከልልም። ወንድሜ ታክሲውን ሊያወጣ ጫማውን እያሰረ ነበር፤ ማሰሪያውን ሲስብ የሚያወጣት ትንፋሽ አለችው፣ ነገር ሲከብደው ትረዝማለች። «እኔ ልጁን ምንም አላደርገውም» አላት። «ላየው ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ፊቱን ባየው ይበቃኛል።» ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉ። በቤታችን ሰው በሌለበት ስለሱ የሚወራ ወሬ መጨረሻው ሁልጊዜ ዝምታ ነው፤ የተወራበት ሰው እየሰማ እንደሆነ ትዝ የሚላቸው ያኔ ነው። እኔ ተጋድሜ ጣሪያውን እያየሁ፣ ያልተፈጠረ ጎረምሳ ስም ሲፈለግ አዳመጥኩ። ልቆጣ ይገባኝ ነበር። ቁጣ ግን ጉልበት ይፈልጋል፤ የዛሬዋን ጉልበቴን ደግሞ ለደረጃው አስቀምጫት ነበር።

ከተኛሁ ሃያ አራተኛ ቀኔ ነው። የጀመረኝ እንደ ማንኛውም የጉሮሮ ሕመም ነው። እናቴ ወንድሜ ጥርሱን ሲነቀል ከታዘዘለት የተረፈውን እንክብል ከቁም ሳጥን አወጣችልኝ፤ በእኛ ቤት መድኃኒት እንደ ልብስ ነው፣ ከትልቁ ለትንሹ ይወርዳል። በአምስተኛው ቀን ከአንገቴ እስከ ጉልበቴ ቀይ ሽፍታ ለበስኩ። አንገቴ ግራና ቀኝ ንፍፊት አወጣ፤ ምራቄን መዋጥ እንደ ጠጠር መዋጥ ሆነብኝ። ክሊኒክ ሄድን። ሐኪሙ ጢሙ ማደጉን በየደቂቃው በእጁ የሚያረጋግጥ ልጅ እግር ነበር። አንገቴን ዳሰሰ፣ በግራ ጎኔ ከጎድን አጥንቴ ሥር ጫን አለና ፊቴን አየ፣ የደሜን ውጤት አነበበ። «የዕጢ ትኩሳት ነው» አለ። በአንቺ ዕድሜ ያሉትን ነው አጥብቆ የሚይዘው፤ ሽፍታው ያለቦታው ከተዋጠው እንክብል ነው፤ ቫይረስ ስለሆነ መድኃኒት የለውም፣ ዕረፍትና ውኃ ነው፤ ጣፊያሽ አብጧል፣ ከባድ ዕቃ እንዳታነሺ፣ ሊፈነዳ ይችላል፤ ትኩሳቱ ይሄዳል፣ ድካሙ ግን ለወራት ሊቆይ ይችላል። ይህን ሁሉ በደንብ ተናገረ። ከዚያ ምን እንደነካው አላውቅም፣ ፈገግ አለና «በምራቅ ነው የሚተላለፈው፤ የመሳሳም በሽታም ይሉታል» አለ። እናቴ አጠገቤ ተቀምጣለች። ያቺን ቃል ከሰማች በኋላ የተባለውን አንዱንም አልሰማችም። ጣፊያዬ ቢፈነዳ እንኳ ከንፈሬ ነው የሚያሳስባት።

ተነስቼ ፊቴን ታጠብኩ። ኩባያዬ ከሌሎቹ ተለይታ መስኮቱ ጠርዝ ላይ ነች፤ ማን እንደለያት አልጠየቅሁም። ወንድሜ በሩ ላይ ቁልፉን በጣቱ እያሽከረከረ ጠበቀኝ። ደግ ልጅ ነው፤ ደግነቱ ግን ጥያቄ ይበዛዋል።

«ስፌት ቤት ላድርሳችሁ?»

«በእግሬ እሄዳለሁ።» መኪና ውስጥ መሸሻ የለም።

«እኔ እኮ ወንድምሽ ነኝ። ለእኔ ብትነግሪኝ ምን አለበት?»

«ምኑን?»

«የምታውቂውን።»

«የማውቀውን ብነግርህ አንተ አታምነኝም፣ እማ ደግሞ አትወደውም።»

አገጩን አከከ። «በቃ ሠራተኛ ከሆነ ችግር የለም» ብሎ ወጣ። ጎረምሳው ከወዲሁ ይቅርታ ተደርጎለታል ማለት ነው።

የምንኖረው አራተኛ ፎቅ ነው። መውረድ ይቀላል ይላሉ፤ ጤነኛ የተናገረው ነው። ጉልበቴ በየደረጃው እንደ እርጥብ ካርቶን እጥፍ ይላል። በየመታጠፊያው እቀመጣለሁ፤ እናቴ አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ፣ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትቆማለች። ሦስተኛው ፎቅ ላይ የአንድ ቤት ሬዲዮ የአየር ሁኔታ ያወራል። ሁለተኛው ላይ ጎረቤታችን ቆሻሻ ሊደፋ ወጣና «እግዜር ይማርሽ» አለኝ፤ ወደ እኔ ሳይጠጋ፣ ግድግዳውን ታክኮ አለፈ። እናቴ «አሜን» አለችልኝ። ወርዶ እስኪርቅ ጠበቀችና «ተነሺ፣ ሰው ያያል» አለች።

«እማ፣ ያን ቀን ካርዱን ማኅተም ልታስመቺ ስትወጪ ሐኪሙን ጠይቄው ነበር።»

«ምን ብለሽ?»

«ያልተሳሳመ ሰውስ ከየት ያገኘዋል ብዬ። አፈረ። ከአፍ ወደ አፍ የሄደ ነገር ሁሉ ይበቃል አለኝ፤ ማንኪያም ቢሆን። ትልልቆቹ በልጅነታቸው ሳያውቁት ይዟቸው አልፏል፤ ምራቃቸው ውስጥ አንዳንዴ ብቅ ይላል፣ እነሱን ግን ምንም አይላቸውም። ሰጪው ጤነኛ ነው፣ የሚወድቀው ተቀባዩ ነው አለኝ። አንዴ የጣለውን ደግሞ ዳግመኛ አይጥለውም።»

እናቴ አልዞረችም።

«ክሩ ነው» አልኳት።

ቦርሳዋን ከግራ ክንዷ ወደ ቀኝ አዛወረች። ከላይ የሬዲዮው ሰውዬ ነፋስ ይኖራል አለ። ጀርባዋን ብቻ ነው የማየው፤ የሹራቧን አንገት የጠቀመችበት ክር ከሹራቡ ትንሽ ይደምቃል፣ እሷ አንድ ዓይነት መስሏት ነው። «እንግዲህ እኔ ነኝ የሳምኩሽ?» አለች በመጨረሻ።

«አንቺ ሁኚ፣ እማማ ይሁኑ፣ አላውቅም። አራታችሁም ጫፉን በአፋችሁ ታረጥቡታላችሁ።»

«እኔ አንድ ቀን ታምሜ አላውቅም።»

«እሱም ያለው ይህንኑ ነው።»

«ይህን ነገር» አለች፣ አንድ ደረጃ ወርዳ፣ «እዚያ አፍሽ ላይ እንዳታመጪው።» ለምን ብዬ አልጠየቅኋትም። ለምን እንደሆነ ከእሷ እኩል አውቀዋለሁ።

እናቴም እኔም የምንሠራው አንድ ስፌት ቤት ነው። የእጅ ሥራው ጠረጴዛ ላይ እሷን ጨምሮ አራት ሴቶች ይቀመጣሉ፤ ትልቋን ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው፤ ቁልፍ ይተክላሉ፣ ዘምዘማት ይሰፋሉ፣ ማሽን የማይደርስበትን የኮሌታ ውስጥ በእጃቸው ይይዛሉ። ዕድሜያቸውን እዚያ የጨረሱ ናቸው። ጣታቸው ያያል፤ ዓይናቸው ግን ከቅርብ ማየት ካቆመ ቆይቷል። ስፌቱን በመዳሰስ ብቻ እኔ በማሽን ከማወጣው አቅንተው ያወጡታል። የሚያቅታቸው አንድ ነገር ነው፤ መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት። ካቻምና አንዷ መነጽር አድርጋ ገባች። እትዬ፣ የስፌት ቤቱ ባለቤት ናት፣ አየቻትና «ደክመሻል እኮ፣ ማረፍ አለብሽ» አለቻት፤ በወሩ መጨረሻ ሴትየዋ ከነመነጽሯ ቤቷ ገባች። ሌላዋ ክር ማስገቢያ ሽቦ ይዛ መጣች። እትዬ ከጠረጴዛው አነሳችና «ይሄ የማን ነው?» አለች። የማንም አልነበረም።

እንደዚያ ነው የእኔ ዓይን ሥራ ያገኘው። ጠዋት እትዬ ሳትገባ መርፌውን ሁሉ ክር አስገብቼ የመርፌ ትራሱ ላይ እሰካላቸዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ሲያልቅባቸው በማሽኔ በኩል የሚያልፉ መስለው ያቀብሉኛል። ኩራት ግን አለ። አንዳቸውም ሳይሞክሩ አይሰጡኝም። የክሩን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ያረጥቡታል፣ በከንፈራቸው ያሾሉታል፣ ሁለት ሦስቴ አየር ይወጋሉ፤ ከዚያ ነው «እስቲ በይ» የሚሉኝ። እኔም ያንኑ ጫፍ ወደ አፌ። ሁለት ዓመት ሙሉ። ከእነዚህ ሴቶች ጋር በቀን ስንት ጊዜ እንደተሳሳምን መቁጠር አልችልም፤ ከወንድ ጋር የተሳሳምኩትን ግን መቁጠር ቀላል ነው፣ ዜሮ አይቆጠርም። ስታመምም አልቀረልኝም። እናቴ ማታ ማታ የመርፌ ትራሱን በቦርሳዋ ይዛ ትመጣለች፤ እኔ ትኩሳቴን እንዳቀፍኩ ተንጋልዬ አስገባለሁ፣ ለጥ ብሎ የተኛ ሰው ብርሃኑ ፊቱ ላይ ስለሚወድቅለት ይመቸዋል ብላኛለች። አንድ ምሽት ጉሮሮዬ ተዘግቶ የማረጥብበት ምራቅ አጣሁ። እናቴ በራሷ ምራቅ እያረጠበች አቀበለችኝ።

ዛሬ ለምን እንደምሄድ ልናገር። የሐኪሙ ፈቃድ ዛሬ ያልቃል፤ እትዬም የምትወስነው ዛሬ ነው። ከመታመሜ በፊት ቆራጭነቱን ሰጥታኝ ነበር። ስፌት ቤት ውስጥ ማሽን ላይ መቀመጥና መቁረጥ አንድ አይደለም፤ ሰፊ የተሰጣትን ትሰፋለች፣ ቆራጭ ግን ጨርቁ ምን እንደሚሆን ቀድማ የምታውቅ ናት። ማንም አላስተማረኝም። የወደቀ ኮት ለቅሜ፣ ስፌቱን ፈትቼ፣ ቁርጥራጩን ጋዜጣ ላይ ዘርግቼ እየነደፍኩ፣ መልሼ እየሰፋሁ ነው የተማርኩት። ቤታችን ውስጥ ያልፈታሁት ልብስ የለም፤ ወንድሜ አንድ ጊዜ ለሰርግ ሊለብስ ሱሪውን ሲፈልግ አራት ቦታ ሆኖ አገኘው። በሃያ ዓመቴ ያን ጠረጴዛ ማግኘቴን ለራሴ ደጋግሜ ነግሬዋለሁ። አሁን ግን ያን ያህል የጓጓሁበትን ነገር ሳስበው እንደ ሌላ ሰው ወሬ ነው የምሰማው። የሚያሳስበኝ እንኳ ይህ ነው፤ ቢወስዱብኝ ማልቀሻ ጉልበት የሚኖረኝ አይመስለኝም።

ስፌት ቤቱ ከመንገድ ገባ ያለ ረዥም ክፍል ነው። ማሽኖቹ በመስኮቱ በኩል ተደርድረዋል፣ የቆራጩ ጠረጴዛ መሃል ላይ ነው፣ የእጅ ሥራው ጠረጴዛ ብርሃን በማይደርስበት ጥግ፣ እትዬ ደግሞ በመስታወት በታጠረ ክፍሏ ውስጥ። ካውያው ጋ የተቃጠለ ውኃ ይሸታል። ከማሽን ሰፊዎቹ አንዷ፣ ቀጭኗ የምንላት፣ የቆራጩ ጠረጴዛ ጋ ቆማለች፤ እኔ እስክመለስ ለጊዜው ተብሎ ነው። ስታየኝ ረዥሙን መቀስ አስቀመጠችው፣ ከዚያ ለምን እንዳስቀመጠችው የገባት መሰለኝ፣ መልሳ አነሳችው። እናቴ ጉዳዬን ለእማማ በምስጢር ነግራቸው ነበር፤ እዚያ ቤት ደግሞ ከምስጢር የሚረዝም ክር የለም።

«እንኳን ደህና መጣሽ» አለች ሳቂታዋ፣ ከእናቴ ጎን የምትሰፋው። «የከንፈርሽ እብጠት ጎደለ?»

«ያበጠው አንገቴ ነው።»

«እንግዲህ ወርዶ ነዋ።»

ጠረጴዛው ሳቀ። ከማሽኖቹ በኩል አንዷ ራሷን ሳታነሳ «እኛን የሚስመን አጥተን ጤነኛ ሆነን ቀረን» አለች፤ እነሱም ሳቁ። እማማ ብቻ፣ ከሁሉም የሚበልጡት፣ የሚተክሉትን ቁልፍ በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ «ተዉአት፤ ልጅቷ ከስታለች» አሉ። ከስታለች ያሉት በድምፄ ነው፤ ፊቴን ከዚያ ርቀት ማየት ይችሉ ይሆናል፣ ግን ወደዚያኛው ወገን ነበር የዞሩት። እናቴ ትራሱን ከቦርሳዋ አውጥታ መሃል ላይ አስቀመጠችና ተቀመጠች። አልሳቀችም፤ ዝም በሉም አላለችም። አንድ መርፌ ነቅላ ዘምዘማቱን ጀመረች።

እትዬ በመስታወቱ ጠራችኝ። ፊት ለፊት እርስዎ እላታለሁ፤ በልቤ ግን አንቺ ናት። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ስታመም ብርቱካን ልካልኛለች፣ ያውም የተመረጠ። «ተቀመጪ፤ መቆም እንደሌለብሽ ያስታውቃል» አለችኝ። ወረቀቱን ሰጠኋት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ፤ የሐኪሙ ወረቀት ግን መሳሳም የሚል ቃል አልያዘም፤ የጻፈው ስለ ጣፊያዬ ብቻ ነበር።

«ከባድ ዕቃ አታንሳ ይላል።»

«ለጥቂት ሳምንት ነው። ከዚያ እብጠቱ ይመለሳል ብሎኛል።»

«ጣቃውን ሌላ ሰው ያነሳልሻል፣ እሱ ቀላል ነው።» ወረቀቱን አጠፈችው። «ቆራጭ ማለት ምን እንደሆነ ለአንቺ አልነግርሽም። ያለፈ መቀስ አይመለስም። እጅሽን አይቼዋለሁ፣ አይሳሳትም። ቃሌንም ሰጥቼሻለሁ።»

«አዎ፣ እትዬ።»

«አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። ሲወራ የሰማሁት ነገር አለ፤ እናትሽ ባለችበት ቢሆን ይሻላል።» መስታወቱን መታ መታ አደረገች። እናቴ ገብታ በሩ ጋ ቆመች፤ ጣቷ ላይ ያለውን የመርፌ መግፊያ አላወለቀችም። «ያመመሽ ነገር ከዚህ ቤት ያገኘሽው ከሆነ የእኔ ነው» አለች እትዬ። «ያቺ ጣቷን መርፌ የወጋት ልጅ ስትተኛ ቦታዋን ነክቻለሁ? አልነካሁም። የአንቺንም አልነካም፤ እስኪሻልሽ ጠረጴዛውን ባዶውን አቆየዋለሁ። ከውጭ ያመጣሽው ከሆነ ግን ሌላ ነው። ዛሬ ከንፈር ነው፣ ነገ ሆድ ነው፣ ከነገ ወዲያ ቆራጭ የለኝም። ሁለቴ ደርሶብኛል። እንደ ሌላ ሰው አልፈርድብሽም፤ ለራሴ ነው የማስበው። ከየት ነው?»

አንዲት ዓረፍተ ነገር ትበቃ ነበር። ክሩን በአፋችን እናረጥባለን፣ አራቱም ለእኔ ያቀብሉኛል፣ ስለማያዩ። እንዳልላት ያደረገኝ ታላቅ ሐሳብ አልነበረም። በመስታወቱ ወዲያ እማማን አየኋቸው። ቁልፍ ወድቆባቸው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው እየጠረጉ ይፈልጉታል፤ ቁልፉ ክርናቸው አጠገብ ነው። እናቴን አየኋት። እኔን አላየችኝም፣ የእትዬን ጠረጴዛ ነው የምታየው፣ ላዩ ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ፤ ቁጥሩን የምታነብ ሰው ትመስላለች።

«የሰፈር ልጅ ነው» አለች እናቴ።

እትዬ ቀና አለች።

«መካኒክ ነው። ቀጥቻታለሁ እትዬ። ልጁም የለም አሁን፤ ሌላ ከተማ ሥራ አግኝቶ ሄዷል።»

እናቴ ጎረምሳውን በመጀመሪያው ቃል ወለደችው፣ በሁለተኛው ሙያ አስተማረችው፣ በሦስተኛው ሸኘችው። ወንድሜ ቢሰማ ደስ ይለው ነበር፤ ሠራተኛ ነው። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም። ለሦስት ሳምንት ያህል ስሙን ብቻ ስትል የከረመች ሴት፣ ስም ብቻ ሲቀራት ሌላውን ሁሉ ሞላችው።

«እውነት ነው?» አለችኝ እትዬ።

እኔን ነው የጠየቀችው፤ ስለዚህ የሰጠሁትን መልስ በእናቴ ማመካኘት አልችልም። «አዎ» አልኩ። ለምን አዎ አልሽ ብባል፣ ስለ እናቴ ብዬ፣ ስለ እማማ ብዬ ብል ደስ ይለኛል፤ ለሰው ሲነገርም ያምራል። እውነቱ ግን ደክሞኝ ነበር። እምቢ ብል ቀጥሎ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፣ ከእሱ ቀጥሎ ሌላ፣ እነ እማማ ይጠራሉ፣ መርፌና ክር ይሰጣቸዋል፣ አስገቡ ይባላሉ፣ እኔም ተቀምጬ አያለሁ። አዎ አጭር ናት። ወንበሩም ጀርባ መደገፊያ አልነበረውም።

እትዬ በረዥሙ ተነፈሰች፤ ቀለል ያላት መሰለኝ። «እውነቱን ስለተናገርሽ አከብርሻለሁ» አለችኝ። ቀጭኗ የቆራጩ ጠረጴዛ ላይ ትቀጥላለች። የእኔ ማሽን ፔዳሉ ይከብደኛል፤ ስለዚህ የእጅ ሥራው ጠረጴዛ ላይ ከእናቴ ጎን እቀመጣለሁ፤ ቀላል ሥራ ነው፣ አያደክምም። «ለጊዜው» አለች። ለጊዜው የሚባለው ቃል እዚያ ቤት ምን ያህል እንደሚቆይ ለማወቅ ቀጭኗን ማየት ይበቃል።

ስንወጣ እናቴ ቀድማኝ ሄደች። በቆራጩ ጠረጴዛ በኩል ሳልፍ ቀጭኗ «ቂም እንዳትይዢብኝ» አለችኝ በሹክሹክታ። ጠረጴዛው ላይ ከፋይ ዘርግታ፣ ንድፉን አስቀምጣ፣ በጠመኔ አስምራ ጨርሳለች። ከፋይ ጠጉር አለው፤ ሁሉም ቁራጭ ጠጉሩ ወደ አንድ ወገን ካልተኛ ሲሰፋ አንዱ ጠቁሮ አንዱ ነጥቶ ሁለት ልብስ ይመስላል። ከእጅጌዎቹ አንዱ ተገልብጦ ነው የተነደፈው። ሳልናገር ማለፍ እችል ነበር፤ መቀሱ አንዴ ካለፈ እትዬ ለቀጭኗ የሰጠችውን ቦታ እስከ ነገ መልሳ ታስብበት ነበር። አሰብኩት፤ አሰብኩት ስል እንደ ዋጋ ዝርዝር አነበብኩት ማለቴ ነው፣ ልቤ አልመታም። «ያ እጅጌ ተገልብጧል» አልኳት። አጎንብሳ በመዳፏ ጨርቁን ወዲያና ወዲህ አሸችው፤ ፊቷ ቀላ። «ወይኔ» አለች። ጠመኔውን በጨርቅ ስታጠፋ ትቻት ሄድኩ።

ምሳ ሰዓት ሁሉም የየራሱን ሳህን ከፈተ። ሌላ ጊዜ ሳቂታዋ ከሰው ሳህን ካልቀመሰች አይበላላትም፤ ዛሬ የእኔን አልቀመሰችም። ከውኃ ጆጉ ቀድቼ ስጠጣ ደግሞ ቀጭኗ የራሷን ብርጭቆ ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና ጭኗ ላይ አደረገችው፣ እንደ ዋዛ። ለነገሩ መጠንቀቅ ያለባት እሷ ብቻ ናት፤ ከእኔ ቀጥሎ ወጣቷ እሷ ነች። እማማ ግማሽ ብርቱካን ልጠው በጣታቸው ይዘው ወደ አፌ ዘረጉልኝ። ሁሉም አየ። ምናልባት ያስያዙኝ እኚህ ሴት ናቸው ብዬ አሰብኩ፤ በላሁት። ጣፋጭ ነበር ወይም እንደዚያ መሆኑን አውቄ ነው፤ አፌ ገና ምንም አይለይም።

ከሰዓት በኋላ ከእናቴ ጎን ተቀምጬ ቁልፍ ተከልኩ። ጥጉ ከምገምተው በላይ ጨለማ ነው። ከማሽኔ ሆኜ ሁለት ዓመት ሙሉ ያየኋቸው ሴቶች እንዲህ ባለ ብርሃን እንደሚሰፉ አላውቅም ነበር። ወሬው ከእኔ ወደ ሳቂታዋ አማች ዞረ፤ አማቷ ጥርስ አስተክላ ከዚያ ወዲህ የምትስቀው መብራት ሲኖር ብቻ ነው። ከአማቷ ወደ ውኃ መጥፋት ዞሩ። ሰው ሁሉ በእኔ ላይ የነበረውን ወሬ የጨረሰ መሰለ፤ ነገ ደግሞ ይቀጥላል። ከእትዬ ክፍል ከወጣን ጀምሮ በመካከላችን የተቀመጠው የመርፌ ትራስ ብቻ ነው፤ ክር ያለው መርፌ ሁሉ ከእሱ ላይ አንድ በአንድ ተነቀለ። በአሥር ሰዓት ገደማ አለቀ።

መጀመሪያ ያለቀው የእናቴ ነው። ከማጠንጠኛው ክር መዘዘች፣ በክንዷ ልክ ለካች፣ በጠሰች፣ ጫፉን አፏ ውስጥ ከተተች፣ በከንፈሯ አሾለችው። መርፌውን ወደ መስኮቱ ወገን ከፍ አድርጋ ወጋች፤ አየር ነው። ደገመች። ሠለሰች። ሌላ ቀን ቢሆን ይኸኔ «እስቲ በይ» ትለኛለች፤ እኔም እጄን ዘርግቼ ጠበቅኋት። እሷ ግን አልሰጠችኝም። ክሩንም መርፌውንም ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ወደ እትዬ መስታወት አየች፣ ወደ ሳቂታዋ አየች፣ ከዚያ ጠረጴዛውን በመዳፏ እየዳበሰች መቀሱን አገኘችው። ክሩን ከጭኗ ላይ በሁለት ጣቷ ለቅማ ጫፉን ያዘች፣ ቆረጠችው። ከጥፍር የማይበልጥ ቁራጭ ነው፤ ቀሚሷ ላይ ወደቀ፣ አራገፈችው። በሁለት ዓመት ውስጥ ከአራቱ አንዳቸውም እንዲህ አድርገው አያውቁም።

ክሩንና መርፌውን አቀበለችኝ። የቆረጠችው ሌላኛውን ጫፍ ነው፤ ደረቁን። እርጥቡ ወደ እኔ እንደተዘረጋ ነው፣ በከንፈሯ ሾሎ ተጣብቆ፣ ከመስኮቱ በመጣችው ትንሽ ብርሃን ያበራል።

«ቆርጬዋለሁ» አለችኝ፣ ከእኔ ሌላ ሰው በማይሰማው ድምፅ። ከጠዋት ወዲህ ለእኔ የተናገረችው የመጀመሪያ ቃል ነው።

«አየሁ» አልኳት።

ጫፉን ወደ አፌ አደረግሁት። በአንዴ ገባ። መርፌውን ስመልስላት ክሩን በሁለት ጣቷ ከመርፌው ዓይን እስከ መጨረሻው ተከትላ ለካችው።

«አሳጠርኩት መሰለኝ» አለች።

«ይበቃል» አልኳት።